ከመደብ እስከ አጎበር፦ የመኝታ ቦታና የጤና አጠባበቅ በጉደርና በአካባቢዋ

ከአምቦ በስተ ምዕራብ በነቀምቴ መንገድ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ጉደር በአገር ውስጥ የምትታወቀው በወንዟ፣ በፏፏቴዋና በስሟ በሚጠራው ወይን ጠጅ ነው። ለጤና ባለሙያ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚስበው ከፍታዋ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ወንዟ ወደ ሰሜን እየወረደ ዓባይ ውስጥ ይገባል። ደጋና ቆላ እንዲህ በሚጎራበቱበት አገር የሰው መኝታ ከብርድም ከወባም እንዲጠብቅ ይፈለጋል። ሁለቱን አጣምሮ የያዘ ቤት ማዘጋጀት ደግሞ ለገበሬውም ለጤና ባለሙያውም ቀላል ሆኖ አያውቅም።

በአማርኛ «አልጋ» የሚለው ቃል መኝታን ብቻ ሳይሆን ዙፋንንም ያመለክታል፤ አልጋ ወራሽ የሚባለው መንግሥቱን የሚወርሰው ነው። የጉደር ገበሬ በኦሮምኛ «ሲሬ» የሚለው አልጋም ቢሆን ለረጅም ዘመን ጥሪት ያለው ሰው ዕቃ ነበር። ሌላው ከግድግዳው ጋር ተያይዞ በጭቃ በተሠራ መደብ ላይ፣ አለዚያም መሬት ላይ በተነጠፈ ቁርበት ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ያድር ነበር። ምድጃው ከመኝታው ብዙም አይርቅም። ጥጃና በግ በዚያው ጣሪያ ሥር ይታሰራሉ። ይህን አኗኗር በድንቁርና ብቻ መተርጎም ስሕተት ነው፤ እሳቱ ሙቀት፣ የከብቱ ትንፋሽም ተጨማሪ ሙቀት ነበር፤ ንብረትም ከሌባና ከጅብ ይጠበቅበት ነበር። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። ጭሱ የሕፃናትንና የእናቶችን ሳንባ ጎዳ፤ በእንቅልፍ ልቡ ወደ ምድጃው የተንከባለለ ሕፃን ተቃጠለ፤ ቁርበቱና ጋቢው የቁንጫ፣ የትኋንና የቅማል ማደሪያ ሆኑ።

ቅማል ከእንቅልፍ ማጣት የከፋ ጉዳት እንዳለው የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። በቱኒስ ይሠራ የነበረው ሻርል ኒኮል የታይፈስ ሕመምተኞች ታጥበውና ልብሳቸው ተወስዶ ሆስፒታል ከተኙ በኋላ በሽታውን ለሌላ እንደማያስተላልፉ አስተዋለ፤ ከዚያም አስተላላፊው ቅማል መሆኑን በሙከራ አሳየ። አንዱን ጋቢ ለብዙ ሰው ማልበስ በተለመደበት አገር ይህ ግኝት ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ስለ ወባ የተደረገው ሙከራ ግን ከሁሉ ይልቅ የመኝታ ቤትን ነገር የሚነካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓትሪክ ማንሰን አሳሳቢነት ሉዊስ ሳምቦንና ጆርጅ ሎው የተባሉ ሐኪሞች ወባ በበዛበት በሮም አቅራቢያ፣ በኦስቲያ፣ መስኮትና በሩ በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ ትንሽ ቤት አሠርተው ክረምቱን እስኪወጡ ከረዳቶቻቸው ጋር ተቀመጡ። ቀን እንደ ልባቸው ይዘዋወራሉ፤ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ግን ገብተው እስክትወጣ ድረስ አይወጡም። ኪኒን አልወሰዱም። ጎረቤቶቻቸው በወባ ሲወድቁ አንዳቸውም አልታመሙም። የመኝታ ቤት አሠራር ብቻውን ከበሽታ እንደሚከላከል ከዚህ የጠራ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

በኢትዮጵያ ይህ ዕውቀት ከሕዝቡ መኝታ የደረሰው ከብዙ እልቂት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 አጋማሽ ተነሥቶ እስከ ዓመቱ መጨረሻ በቆየው ወረርሽኝ (በእኛ አቆጣጠር ከ1950 ዓ.ም. ሰኔ ጀምሮ) ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ከፍታ ባለው ሰፊ አገር 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህሉ እንደሞተ ተገምቷል። ጉደር በዚሁ የከፍታ ክልል ውስጥ ናት። የደጋው ሰው ለበሽታው የመቋቋም ኃይል ስላልነበረው ጉዳቱ ከፋ። በማግስቱ ዓመት የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ፤ ዲዲቲ ረጪዎችም በየጎጆው ገቡ። የርጭቱ ስልት የተመሠረተው ደም የጠጣች ትንኝ በግድግዳው ላይ በማረፏ ላይ ነበር። ነገር ግን ግድግዳው የሌላ ሥርዓት ተገዢም ነው። ርጭቱ በክረምት ይደረጋል፤ ገበሬዋ ደግሞ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ቤቷን በጭቃና በእበት ትለስናለች። የወባ መስፋፊያው ከመስከረም እስከ ኅዳር ሲሆን፣ መድኃኒቱ በዚያ ሰሞን ከአዲሱ ልስን በታች ተቀብሮ ይቀራል። እምቢተኝነት አልነበረም፤ ቤቷን ለበዓል ማሳመር ነበር። ዲዲቲ ራሱ ትንኟ ስለተለማመደችው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ማብቂያ በሌላ ኬሚካል ተተካ።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ከ16ቱ ፓኬጆች አንዱ የመኖሪያ ቤትን ጤንነት የሚመለከት ነበር፦ ከብት ከሰው ይለይ፣ ማድ ቤት ለብቻው ይሁን፣ መስኮት ይኑር። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2007 ደግሞ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ኬሚካል የተነከረ አጎበር ታደለ። አጎበሩ የተሠራው ለአልጋ ነው። ክብ ጎጆ ውስጥ፣ ከመደብ በላይ፣ ሦስት ልጆች በአንድ ቁርበት ላይ ለሚያድሩበት ቤት አራቱን ማዕዘን የት እንደሚያስሩት ማሳየት የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ፈንታ ሆነ። ባለሙያው አጎበርን የሚለካው በወባ ቁጥር መቀነስ ነው፤ ባለቤቱ ግን በእንቅልፉ ይለካዋል። ቁንጫና ትኋን ሲጠፉለት ይወደዋል፤ ሲወብቀው ወይም ትኋን በስፌቱ ሲራባ አውልቆ ያስቀምጠዋል። ይህ ቅሬታ በምዝገባ ቅጽ ላይ ቦታ የለውም፤ ሊኖረው ግን ይገባ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር መጀመሪያ እስከ ጥቅምት ሃያኛው ቀን በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1157 ሞት ተመዝግቧል። ዋናዋ አስተላላፊ አኖፊሊስ አራቢያንሲስ ከሰውም ከከብትም ትመገባለች፤ ሰው ገና ሳይተኛም መንከስ ትጀምራለች። ከጉደር ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላማ አገር ደግሞ በቆሎ በሚያሽትበት ወራት አባወራውና ወጣቱ ሌሊቱን ማሳ ላይ ባለ ማማ ያድራሉ፤ ጃርትና አሳማ ይጠብቃሉ። ያም መኝታ ነው፤ ነገር ግን ለርጭት ግድግዳ፣ ለአጎበር ጣሪያ የለውም።