ጎረቤት የሚያውቀው፣ ባንክ የማያውቀው፦ የገጠር ብድር አጭር ታሪክ

እስኪ አንድ ገበሬ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። ወሩ ሐምሌ ነው። ጥር ላይ ሞልቶ የነበረው ጎተራ ተሟጧል፤ ማሳው ላይ ያለው በቆሎ ገና አልደረሰም። ቤት ውስጥ የቀረው እህል ለዘር የተቀመጠ ጤፍ ብቻ ነው። ልጆቹ ርቧቸዋል። ያንን ጤፍ ካስፈጨው ቤተሰቡ ዛሬ ጠግቦ ያድራል፤ ነገር ግን የሚቀጥለውን ዓመትም አብሮ በላው ማለት ነው። ስለዚህ ሊበደር ከቤቱ ይወጣል።

ሁለት ምርጫ አለው እንበል። አንደኛው እዚያው ሰፈር ያለ ባለጸጋ ነው። ዛሬ ማታ አንድ ኩንታል እህል ይሰጠዋል፤ በመኸር ግን አንድ ኩንታል ተኩል ይቀበለዋል። ሁለተኛው ከተማ ያለው ባንክ ነው። ወለዱ ከባለጸጋው በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። ገበሬው የሚሄደው ወደ ውዱ አበዳሪ ነው። ለምን ይመስላችኋል? ሒሳብ ስለማያውቅ?

በፍጹም። ሒሳቡን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ነገሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ስለ ኢትዮጵያ ስናወራ ዓመቶቹ በኛው አቆጣጠር ናቸው፤ በፈረንጆቹ የሆኑትን «እ.ኤ.አ.» እያልን እንለያቸዋለን።)

አበዳሪ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

እናንተ ራሳችሁ አበዳሪ ብትሆኑ ገንዘባችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ምን ትጠይቃላችሁ? መጀመሪያ «ይህ ሰው ይመልስልኛል ወይ?» ትላላችሁ። ቀጥሎ «ባይመልስስ ምን እይዛለሁ?» በመጨረሻም «ይህን ሁሉ ለማጣራት ስንት ያስወጣኛል?» ትላላችሁ።

የሰፈሩ ባለጸጋ መልሱ አብሮት ነው የሚኖረው። ገበሬው ታታሪ ይሁን ሰነፍ፣ በሬው ጤነኛ ይሁን የታመመ፣ ባለፈው ዓመት የማንን ዕዳ እንደከፈለ ያውቃል። በመኸር ጊዜ አውድማው ላይ ቆሞ ድርሻውን መጠበቅ ይችላል። ባንኩ ግን ከዚህ አንዱንም አያውቅም። ለማወቅ ሠራተኛ መላክ፣ ሰነድ ማዘጋጀት፣ ክትትል ማድረግ አለበት። ደግሞ የሁለት ሺህ ብር ብድር መዝገብ መክፈት ከሁለት ሚሊዮን ብር ብድር እምብዛም ያነሰ ሥራ የለውም። ከትንሹ ብድር የሚገኘው ወለድ የሠራተኛውን የትራንስፖርት ወጪ እንኳን ላይሸፍን ይችላል።

ሌላም ችግር አለ። ከተማ ውስጥ አንዱ ነጋዴ ቢከስር ሌላው ሊያተርፍ ይችላል። በገጠር ግን ዝናብ ሲቀር ለሁሉም ነው የሚቀረው። አንድ ወረዳ ውስጥ ያበደረ ባንክ ተበዳሪዎቹ ሁሉ በአንድ ዓመት መክፈል ሊያቅታቸው ይችላል።

እንግዲህ የዚህን ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ልንገራችሁ፦ ብድር ማለት ገንዘብ ብቻ አይደለም፣ መረጃም ነው። ርካሽ ገንዘብ ያለው ሰው እናንተን አያውቃችሁም፤ የሚያውቃችሁ ሰው ደግሞ ያለው ገንዘብ ውድ ነው። የገጠር ብድር ታሪክ እነዚህን ሁለቱን ለማገናኘት የተደረገ ረጅም ሙከራ ነው።

ባንክ ሳይኖር

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው ተረት እዚህ ጋ በደንብ ይገባናል። ባንክ ባልደረሰበት ገጠር ሰው ከቅርቡ ሰው ጋር የፈጠራቸውን ዘዴዎች ተመልከቱ።

አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አቀናጅተው በየተራ ያርሳሉ፤ ይህ መቀናጆ ይባላል። ላም ያለው ለሌለው ላሙን ለርቢ ይሰጣል፤ ተቀባዩ ይቀልባታል፣ የሚወለደውን ይካፈላሉ። በእቁብ አባላት በየጊዜው እኩል ያዋጡና ዕጣ የወጣለት ሙሉውን ይወስዳል። አስቡት፤ ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ከሌሎቹ ያለወለድ ተበደረ ማለት ነው። መጨረሻ የደረሰው ደግሞ ቆጠበ። ቀድሞ የወሰደው እንዳይጠፋ ዋስ ይጠራል፤ ከዋሱም በላይ የሚይዘው ነገር ግን በሰፈሩ ያለው ስሙ ነው።

ከበድ ያለ ብድር ሲሆን መሬት ይገባበታል። «ወለድ አገድ» በሚባለው ውል ተበዳሪው መሬቱን ለአበዳሪው ይሰጣል። አበዳሪው ያርሰዋል፣ ምርቱንም በወለድ ምትክ ይበላል። ዋናው ገንዘብ እስኪመለስ ድረስ መሬቱ እዚያው ነው። ችግሩ ወዲያው ይታያችኋል፦ ማሳው የሌላ ሰው እጅ ላይ እያለ ገበሬው ዋናውን ከየት አምጥቶ ይከፍላል? እንዲህ ያለ ብድር ለመውጣት የሚያስቸግር ጉድጓድ ሊሆን ይችላል።

ወለድ የት ይደበቃል?

አራጣ በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የተወገዘ ነገር ነው። ለዘመናት የሕግ መሠረት ሆኖ ያገለገለው ፍትሐ ነገሥት ይኮንነዋል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ስምምነቱም በጽሑፍ እንዲሆን አዘዘ። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድርን ለማስረዳት ጽሑፍ፣ የተበዳሪው እምነት ወይም መሐላ ያስፈልጋል ይላል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ አራጣን ወንጀል አድርጎ ይቀጣል።

ታዲያ ሕግ ካለ ለምን አልጠፋም? አንዱ ምክንያት ወለድ መደበቅ ስለሚችል ነው። ሁለት ዘዴዎች እንይ።

የመጀመሪያው ወረቀቱ ላይ ነው። አበዳሪው 700 ብር ይሰጥና «1,000 ብር ተበድሬአለሁ» ብላችሁ እንድትፈርሙ ያደርጋል። ወረቀቱን ያየ ዳኛ አንድም የወለድ ቃል አያገኝበትም።

ሁለተኛው ብልጠት የተሞላበት ነው። ለምሳሌ አንድ ኩንታል እህል ሐምሌ ላይ 6,000 ብር፣ ጥር ላይ 4,000 ብር ነው እንበል። አበዳሪው አንድ ኩንታል ይሰጥና «የ6,000 ብር ዕዳ አለብህ፤ ወለድ አልፈልግም፤ ጥር ላይ በእህል ክፈለኝ» ይላል። ጥር ላይ 6,000 ብር የሚያወጣው ስንት ኩንታል ነው? አንድ ተኩል። «ወለድ የለውም» የተባለው ብድር በስድስት ወር ውስጥ አንዱን ኩንታል አንድ ተኩል አደረገው። እህል በተወደደ ጊዜ የሚበደርና በረከሰ ጊዜ የሚከፍል ሰው ሁልጊዜ በዚህ ወንፊት ያልፋል።

በወር የሚነገር ወለድም ያታልላል። «ከመቶ 10 ብቻ ነው» ሲባል ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በወር ከመቶ 10 የሚታሰብበት 1,000 ብር፣ ወለዱ እየተደመረ ከሄደ፣ በዓመቱ 3,138 ብር ይሆናል። በሕጉ ጣሪያ፣ ማለትም በዓመት ከመቶ 12 ቢሆን ኖሮ 1,120 ብር ብቻ ነበር።

የ1967ቱ አዋጅ የፈታውና የቋጠረው

በንጉሡ ዘመን ለብዙ ጭሰኛ አበዳሪውና ባለመሬቱ አንድ ሰው ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ በአርሲ ጭላሎ ላይ በስዊድን ድጋፍ የተጀመረው የግብርና ልማት ፕሮጀክት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ለገበሬ ማድረስ ጀመረ። ምርት ጨመረ። ይሁን እንጂ እርሻ አትራፊ መሆኑን ያዩ ባለመሬቶች ራሳቸው በትራክተር ለማረስ ብዙ ጭሰኞችን አስነሡ። ብድሩ መልካም ሆኖ ሳለ መሬቱ የማን እንደሆነ ስላልተፈታ ጥቅሙ ለሌላ ሄደ።

የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ቋጠሮ በአንድ ቀን በጠሰው። የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ጭሰኛው ለባለመሬቱ ከነበረበት ግብርና ዕዳ ነጻ ወጣ። መሬት መሸጥ፣ ማስያዝ፣ በወለድ አገድ መስጠት ሁሉ ተከለከለ። ገበሬው ከእንግዲህ በዕዳ ምክንያት መሬቱን አያጣም።

ግን ልብ በሉ። መሬት መያዣ መሆን ካቆመ ባንኩ «ባይመልስስ ምን እይዛለሁ?» ለሚለው ጥያቄው መልስ አጣ። ገበሬውን ከአበዳሪ የጠበቀው ግድግዳ ከባንክም ለየው። ታዲያ መያዣ የሌለው ሰው እንዴት ይበደራል? ይህ ጥያቄ የኛ ብቻ አልነበረም። ሌላ አገር የተገኙ ሁለት መልሶች በኋላ ወደኛም ስለመጡ፣ ለአፍታ ከኢትዮጵያ ወጣ እንበል።

አንድ የጀርመን ከንቲባና አንድ የባንግላዴሽ መምህር

ፍሪድሪክ ቪልሄልም ራይፋይዘን በምዕራብ ጀርመን የገጠር ከንቲባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1846 እና 1847 ክረምት ረሃብ ሲገባ ሀብታሞችን አስተባብሮ ለድሆች እህልና ዳቦ በዱቤ እንዲደርስ አደረገ። ከዓመታት በኋላ ግን በሀብታም ቸርነት ላይ የቆመ ማኅበር ሀብታሙ ሲሰለች እንደሚፈርስ ተረዳ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1864 ሄደስዶርፍ በሚባል ቦታ ገበሬዎች ራሳቸው አባል የሆኑበት የብድር ማኅበር አቋቋመ።

ብልሃቱ ይህ ነው፦ ማኅበሩ በአንድ አጥቢያ አካባቢ ይወሰናል፤ ስለዚህ ሰዎቹ ይተዋወቃሉ። አንዱ ባይከፍል ዕዳው የሁሉም ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ይጠባበቃሉ። ከተማ ያለ ገንዘብ ለማኅበሩ በርካሽ ይሰጣል፤ ማኅበሩ ደግሞ ለሚያውቀው ሰው ያበድራል። ርካሹ ገንዘብና የጎረቤት ዕውቀት ተገናኙ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከዚህ ሥር ይመዘዛሉ።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ ባንግላዴሽ ውስጥ የቺታጎንግ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ መምህር የነበረው ሙሐመድ ዩኑስ ከግቢው አጠገብ ባለችው ጆብራ መንደር ሰዎች ለአበዳሪዎች ስንት ዕዳ እንዳለባቸው አስቆጠረ። የ42 ሰዎች ዕዳ ተደምሮ 27 ዶላር ያህል ነበር! ከኪሱ ሰጣቸው። ከዚያ የበቀለው ግራሚን ባንክ አምስት አምስት ሰዎችን በቡድን እያደራጀ፣ በብዛትም ለሴቶች፣ ያለ ንብረት መያዣ አበደረ። ዩኑስና ባንኩ እ.ኤ.አ. በ2006 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ተጋሩ።

ቡድን እንደ ዋስ

ኢትዮጵያ በ1988 ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 40 ለአነስተኛ ብድር ተቋማት ሕጋዊ በር ከፈተች። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በትግራይ ደደቢት፣ በኦሮሚያም ተመሳሳይ ተቋም በየወረዳው ደረሱ። ገበሬዎች ቡድን መሥርተው አንዱ ለሌላው ዋስ ሆኖ ይበደሩ ጀመር። ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አልነበረም፤ እቁብ የሚያውቅ ሰው የቡድን ዋስትናን ለመረዳት አይቸገርም። የአማራው ተቋም በኋላ አድጎ ፀደይ ባንክ ሆኗል።

ታዲያ ድህነት ጠፋ? እዚህ ላይ ሳይንስ ይረዳናል። በስድስት አገሮች የተካሄዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በአንድ ላይ የታተሙ ጥናቶች ይህንኑ ጠይቀዋል። አንዱ በአማራና በኦሮሚያ ገጠር የተደረገ ነው። ተመራማሪዎቹ ብድር የደረሳቸውን አካባቢዎች ካልደረሳቸው ጋር አነጻጸሩ፤ የትኛው አካባቢ ቀድሞ እንደሚያገኝ የተለየው በዕጣ ስለነበር ንጽጽሩ ሚዛናዊ ነው። ውጤቱ ልከኛ ነበር፦ የሚበደር ሰው በዛ፣ የቤተሰቦች ኑሮ ግን በአማካይ ያን ያህል አልተለወጠም።

ይህ ለምን እንደሚሆን ከመጀመሪያው ገበሬያችን መገመት ትችላላችሁ። ብድር ዘርን ከመበላት ሊያድን ይችላል፤ ዝናብ ግን አያዘንብም። ዝናብ ሲቀር ደግሞ ዋሱም ዋስ የተባለለትም እኩል ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ያኔ ወዳጅን ወዳጅ ያሳድደዋል።

ዛሬ የሚያውቃችሁ ማን ነው?

ሙከራው አሁንም አላበቃም። በ2011 የወጣ አዋጅ እንደ ከብት ያለ የሚንቀሳቀስ ንብረት በመዝገብ ተይዞ መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። በ2016 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ገበሬው መሬቱን ሳይሆን የመጠቀም መብቱን ለአበዳሪ ተቋም እንዲያስይዝ መንገድ ሰጥቷል። ከ2014 መጨረሻ ጀምሮም በቴሌብር በኩል ትንንሽ ብድር በስልክ ይገኛል። እዚያ ዋስ አይጠራም፤ የሚመዝናችሁ በስልካችሁ ያለው የገንዘብ እንቅስቃሴ ነው።

የድሮው ጥያቄ መልኩን ቀይሮ መጣ ማለት ነው። ያኔ የሚያውቃችሁ አውድማችሁን የሚያይ ጎረቤት ነበር፤ አሁን የሚያውቃችሁ ስልካችሁን የሚያነብ ኮምፒዩተር እየሆነ ነው። ኮምፒዩተሩ በፍጥነት ይመልሳል፣ ሌሊትም አይተኛም። ግን ትናንት በሬአችሁ እንደሞተ ማን ይነግረዋል?

ለማንኛውም አንድ የቤት ሥራ እንስጣችሁ። ገጠር ያደጉ አያት ወይም አጎት ካሏችሁ ጠይቋቸው፦ በየትኛው ወር ይበደሩ ነበር? ከማን? ዋሳቸው ማን ነበር? ሲከፍሉስ በምን ዋጋ? መልሱን ጻፉና አስሉት። «ወለድ አልነበረውም» የተባለው ብድር ስንት እንደሚወጣ ስታዩ፣ አያታችሁ በየክረምቱ ያን የዘር ጤፍ ሳይነኩ እንዴት እንዳሻገሩት የበለጠ ይገባችኋል።