ሐዲዱን ማን ይሸከመዋል?

በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ቶርኖ ላይ የሚሠራ ባለሙያ በክንዱ ይተማመን ነበር። መቁረጫውን ጨብጦ የሚሽከረከረውን ብረት ይፍቃል፤ እጁ ከተንቀጠቀጠ ሥራው ይበላሻል።

ይህን አሠራር ከለወጡት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ሄንሪ ሞድስሌይ ነው። በ12 ዓመቱ በዉልዊች የጦር መሣሪያ ማምረቻ ሥራ ጀመረ፤ በኋላም የታዋቂው ቁልፍ ሠሪ የጆሴፍ ብራማ ዋና ሠራተኛ ሆነ። በ1797 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሳምንት ከሚያገኘው 30 ሺሊንግ በላይ እንዲከፈለው ጠይቆ ስለተከለከለ ለንደን ውስጥ የራሱን ወርክሾፕ ከፈተ። በ1800 አካባቢ የሠራው ቶርኖ መቁረጫውን ከሰው እጅ ወስዶ በብረት ሐዲድ ላይ ለሚንሸራተት ማቀፊያ ሰጠው። ማቀፊያውንም ረጅም ብሎን ይነዳዋል። ተንሸራታች ማቀፊያ ከእሱ በፊትም ነበር፤ ሐዲዱን፣ ብሎኑንና ማቀፊያውን በጠንካራ ብረት አዋሕዶ ለሥራ ማብቃቱ ግን ትልቅ እርምጃ ነው።

ሐዲዱ ቀጥ ማለቱስ በምን ይረጋገጣል?

መልሱን በሞድስሌይ ወርክሾፕ የሠራው ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1840 ግላስጎው ለተሰበሰቡ የሳይንስ ሰዎች አቀረበ። ሦስት ጠፍጣፋ ብረቶች ይዘጋጃሉ። አንዱ ቀለም ይቀባና ከሌላው ጋር ይነካካል፤ ቀለም የያዘው ጉብታ በእጅ ይፋቃል። ብረቶቹ ሁለት ብቻ ቢሆኑ አንዱ ጎድጉዶ ሌላው አብጦ ሊገጥሙ ይችላሉ። ሦስቱም እየተፈራረቁ የሚገጥሙት ግን ሁሉም ጠፍጣፋ ሲሆኑ ብቻ ነው። ያለ ምንም ውድ መለኪያ ወደዚህ ጥራት መድረሱ እስካሁን የሚያስደንቅ ነው።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1952 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ባለሙያዎች በተበሳ ወረቀት የሚታዘዝ ፍሬዛ (በሚሽከረከር መቁረጫ ብረት የሚፍቅ ማሽን) ለሕዝብ ሲያሳዩ አዲሱ ነገር መቆጣጠሪያው ነበር። የተገጠመለት ማሽን ቀድሞም የነበረ ሲንሲናቲ የተባለው ኩባንያ ግዙፍ ፍሬዛ ነው። ወደ ሐዲዱ ስንመለስ፣ በ1972 ዛሬ ቲኤችኬ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ማቀፊያው በኳስ ኩሽኔታ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ለገበያ አቀረበ። ሐዲዱ ከዳር እስከ ዳር በብሎን ከማሽኑ አካል ጋር ይታሰራል።

ዛሬ በቤቱ በኮምፒውተር የሚታዘዝ (ሲኤንሲ) ፍሬዛ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ሁለት ጫፉ ብቻ በተደገፈ ክብ ዘንግ ነው፤ ርካሽና ለመግጠም ቀላል ስለሆነ። ስሌቱ ግን አይራራም። ውፍረቱ 16፣ ርዝመቱ 600 ሚሊሜትር የሆነ የብረት ዘንግ መሐሉ ላይ 10 ኪሎ ቢያርፍበት 0.7 ሚሊሜትር ገደማ ይጎብጣል። ርዝመቱ በእጥፍ ሲያድግ ጉብጠቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ፕላስቲክ ላይ ጽሑፍ ለመቅረጽ ይበቃ ይሆናል፤ አሉሚኒየም ለመቁረጥ ግን አይሆንም።

ስለዚህ ዘንጉ ከሥሩ ሙሉ ርዝመቱን የሚሸከም መደገፊያ ያስፈልገዋል። መደገፊያው የሚያርፍበትም ገጽ ጠፍጣፋ ይሁን፤ ጠማማ ገጽ ላይ የታሰረ ሐዲድ ጠማማነቱን ይወርሳል። ሲገጠም አንደኛው ሐዲድ ቀጥ ተደርጎ ይጥበቅ፤ ሁለተኛው ላላ ብሎ ይቆይና ማቀፊያው ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሰ ቦታውን ካስያዘው በኋላ ይታሰር። በጀቱ ጠባብ የሆነበት ሠሪም ገንዘቡን ከሞተሩ አስቀድሞ ለመደገፊያው ያውል።