ወይባ፣ ወጌሻና ፍል ውሃ፦ በይፋት ቆላ ሰውነትን የማሳረፍ ልማድ ታሪክ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ጣርማበርን አልፎና ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ የሚያገኛት ሸዋ ሮቢት፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች የቆላ ከተማ ስትሆን፣ በዙሪያዋ ያለው አገር ከጥንት ጀምሮ ይፋት እየተባለ ይጠራል። ይፋት በ13ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የወላስማ ሥርወ መንግሥት ሱልጣኔቱን ያቋቋመበት፣ ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣው የንግድ መንገድ የሚያልፍበት፣ አርጎባ፣ አማራ፣ ኦሮሞና አፋር በገበያና በጉርብትና የተሳሰሩበት ምድር ነው። በዚህ ምድር ሰውነትን በሙቀት፣ በቅባት፣ በማሸትና በዕረፍት የመንከባከብ ልማድ ሥር ሰዶ ኖሯል። ዛሬ በከተሞች ዳርና በሐይቅ ዳርቻ የተሠሩ የመዝናኛ ማዕከሎች ማሳጅን፣ ዮጋንና ከተፈጥሮ ጋር ማሳለፍን አዋሕደው የሚያቀርቡት አገልግሎት አዲስ መስሎ ቢታይም፣ በይፋት ቆላ የዚህ አገልግሎት ፍሬ ነገር ቀድሞም በየቤቱ የነበረ ነው።

ይህ ታሪክ ትኩረት ሳያገኝ የቆየበት አንዱ ምክንያት የደጋው ሰው ስለ ቆላ የነበረው አመለካከት ነው። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረችው አንኮበር ከተራራው ጫፍ ሆና ይፋትን ቁልቁል የምታይ ስትሆን፣ ከታጁራ የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ ዕቃውን የሚያራግፈው ከእግርጌዋ ባለው የአልዩ አምባ ገበያ ነበር። ለደጋው ሰው ግን ቆላ የንዳድ፣ ማለትም የወባ ትኩሳት አገር ነበረና፣ ለገበያና ለአዝመራ እንጂ ለጤና የሚወረድበት ስፍራ ተደርጎ አይታሰብም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ ከተለመደ ወሰኑ አልፎ ወደ ከፍተኛ ቦታዎች በወጣበት ወረርሽኝ በኢትዮጵያ 150,000 ያህል ሰው እንደሞተ መገመቱ፣ ፍርሃቱ ከባዶ ያልመነጨ መሆኑን ያሳያል። ሆኖም በሽታ የበዛበት ምድር ሰውነትን የሚጠብቅ ጥበብም የሚፈልቅበት ነውና፣ የቆላው ሰው ከደጃፉ ባለው ዛፍና በእጁ ባለው ሙያ የራሱን መላ ሲያበጅ ኖሯል።

ከእነዚህ መላዎች ቀዳሚው በወሎና በይፋት ቆላ ሴቶች ዘንድ የሚታወቀው ወይባ ጢስ ነው። ወይባ በዕፀዋት ሳይንስ ተርሚናሊያ ብራውኒ የሚባለው፣ በሌላ ስሙም አባሎ የሚሰኘው፣ በቆላና በወይና ደጋ የሚበቅል ዛፍ ነው። ቃሉ የቀለም ስም ሆኖም ያገለግላል፤ መነኮሳት የሚለብሱት ቢጫማ ልብስ ወይባ ይባላል፣ ጢሱን ደጋግማ የሞቀች ሴት ገላም ወደዚሁ ቀለም ያደላል። ለሥርዓቱ በቤት ጥግ ወይም በጓሮ ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈርና የወይባው ፍልጥ በነበልባል እንዳይነድ፣ ይልቁንም እየጤሰ እንዲቆይ ይደረጋል። ሴቲቱ ገላዋን ቅቤ ወይም ዘይት ተቀብታ ከጉድጓዱ በላይ ትቀመጥና፣ ጢሱ እንዳያመልጥ ከአንገቷ በታች በወፍራም ልብስ ተሸፍና፣ ላቧ እስኪንቆረቆር ድረስ ትታጠናለች፤ መታጠን ማለት ጢስ ወደ ገላ እንዲገባ ማድረግ ነው። የሱዳን ሴቶች ጣልህ በሚሉት የግራር ዝርያ እንጨት የሚፈጽሙት ዱኻን የተባለው ሥርዓት ከዚህ ጋር በእጅጉ የሚመሳሰል መሆኑ፣ ልማዱ የአፍሪካ ቀንድና የአጎራባቹ ደረቅ ምድር ሕዝቦች የጋራ ሀብት መሆኑን ያመለክታል።

የወይባ ጢስ ትልቁ ቁም ነገር ከጢሱ ይልቅ ለእርሱ የሚሰጠው ጊዜ ላይ ነው። ሙሽራ ከሠርጓ በፊት፣ አራስም ከወለደች በኋላ ጢስ ስትሞቅ ከውኃ መቅዳት፣ ከመፍጨትና ከእንጨት ለቀማ ትገላገላለች፤ እናቷ፣ እኅቶቿና ጎረቤቶቿ ገንፎ ያገነፋሉ፣ ቅቤ ያነጥራሉ፣ ጀርባዋንና እግሯን ያሻሉ። በመስክና በቤት ሥራ ዓመቱን ሙሉ ለምትደክም የገጠር ሴት፣ ዕረፍትን እንደ ስንፍና የማያስቆጥርና ማንም የማይነፍጋት ሕጋዊ ጊዜ ይህ ነበር። ልማዱ የእምነት ወሰን ሳይለየው በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ቤት መኖሩ ደግሞ የይፋትን የጉርብትና ባህል ያሳያል።

የማሸት ሙያ ሁለተኛ ባለቤት ወጌሻ ነው። ወጌሻ የተሰበረ አጥንት የሚጠግን፣ ወለምታ የሚያቃና፣ የተጨማደደ ጅማት በቅቤ ወይም በቅባኑግ እያሸ የሚያፍታታ ባለሙያ ሲሆን፣ ዕውቀቱም አብዛኛውን ጊዜ ከወላጅ ወደ ልጅ በማየትና በመዳሰስ ይተላለፋል።

በቤተ መንግሥት ደረጃ ይኸው ሰውነትን የማሳረፍ ፍላጎት የከተማ መቆርቆር ምክንያት እስከ መሆን ደርሷል። መናገሻቸውን ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ያዛወሩት ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በፊንፊኔ ሜዳ የሚፈልቀውን ፍል ውሃ በመውደዳቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1886 በዚያ የተሠራው ቤትና በዙሪያው የተተከለው ሰፈር አዲስ አበባ የተባለችውን ከተማ ወልዷል። እንግዲህ ዋና ከተማዋ ራሷ፣ ሰውነትን ለማሳረፍ ከተመረጠ ውኃ ዳር የተነሣች ናት።

ዛሬ ወይባ ጢስ በአዲስ አበባ የውበት ቤቶች በክፍያ ይቀርባል። ይህ መስፋፋት ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም ሁለት ጥንቃቄዎችን ይጠይቃል። አንደኛው የጤና ነው፤ በተዘጋ ክፍል የሚጤስ እንጨት ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ሽታ አልባ መርዛማ ጋዝ ስለሚለቅ፣ ክፍሉ አየር የሚያስገባ ሊሆን፣ ነፍሰ ጡር ሴትም ልትቆጠብ ይገባል። ሁለተኛው የዛፉ ህልውና ነው፤ ፈላጊው በበዛ ቁጥር ወይባ ከቆላው ገደላገደል እየተቆረጠ መሄዱ አይቀርም፣ ያልተተከለ ዛፍ ደግሞ አይተካም።

ፊንላንድ የሳውና ባህሏን፣ ማለትም በጋለ ክፍል ገላን የማላብ ልማዷን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ አስፍራለች። ወይባ ጢስም የእንዲህ ያለ ክብር ባለቤት መሆን የሚገባው ነውና፣ የባህል ተቋማት ሥርዓቱን ከባለሙያ እናቶች አንደበት ሊመዘግቡት፣ ከእርሱ የሚያተርፉ ማዕከሎች የጥበቡን ምንጭ በስሙ ሊጠሩት፣ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ያሉት የቀወትና የአጎራባች ወረዳዎች የችግኝ ጣቢያዎችም ወይባን ሊያፈሉት ይገባል።