ዮ ማስቃላ እና ዱቡሻ፦ የጋሞ በዓልና የጋሞ አደባባይ

መስከረም ሲጠባ፣ ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ሰፈር እስከ አርባ ምንጭ መናኸሪያ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ለማስቃላ መቼ ትገባለህ?» ለመሆኑ ማስቃላ ምንድን ነው? የሚከበርበት ዱቡሻስ?

ማስቃላ

ጋሞዎች መስቀልን የሚጠሩበት ስም ነው። «ዮ ማስቃላ» ደግሞ የእንኳን አደረሰን ጥሪው። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ደመራው በመስከረም 16 ተለኩሶ በዓሉ በ17 ይውላል፤ ዩኔስኮም በ2006 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ለጋሞ ግን ማስቃላ ዘመን መለወጫም ነው።

ዝግጅቱ ዓመቱን ሙሉ ነው። ወንዱ ለሰንጋ መግዣ ከጎረቤት ጋር ብር ያጠራቅማል፣ ሴቷ ቅቤ ታስቀምጣለች። አዲስ አበባ የሚሸምነውም ሥራውን አቁሞ አገሩ ይገባል። ከብቱም አይረሳም፣ ለምለም ሳር ይታጨድለታል። ዶርዜ ላይ አዲስ የተሾሙ ሰዎች አናታቸውን ቅቤ ተቀብተው ገበያውን ይዞራሉ።

ዋናው ነገር ግን ዕርቅ ነው። ቂም ይዞ ማስቃላ መግባት «ጎሜ» ነው። ጎሜ ማለት ወግ ሲጣስ በሰውም፣ በከብትም፣ በእህልም ላይ መዘዝ ያመጣል ተብሎ የሚፈራ ጥፋት ነው። ስለዚህ የተጣላ ሰው እሳቱ ከመለኮሱ በፊት ይታረቃል።

ዱቡሻ

ዱቡሻ የጋሞ ሸንጎ የሚቀመጥበት ክፍት ሜዳ ነው። ክርክር የሚሰማው፣ ወግ የሚወጣው፣ ዕርቅ የሚወርደው፣ በዓልም የሚደምቀው እዚሁ ነው። እንደ ቅዱስ ቦታ ስለሚታይ ውሸት አይነገርበትም ይባላል።

በዚህ ስሟ ውጭ አገር ድረስ የተሰማው ኦቾሎ ናት። ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ ከአባያ ሐይቅ በላይ ባለው አምባ ላይ ትገኛለች። ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርክ አቤሌስ በ1970ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) እዚያ ኖሮ ሸንጎዋን ካጠና በኋላ በ1983 መጽሐፍ አሳትሟል። ያስገረመው ነገር ሰው ተሰብስቦ፣ ተናግሮ፣ ተከራክሮ መወሰኑ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ሁሉም እኩል አልነበረም። ሴቶች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ከውሳኔው ውጭ ነበሩ።

የዚህ ባህል ጉልበት የታየው በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነው። በቡራዩ በጋሞ ተወላጆችም ላይ ጥቃት ከደረሰ በኋላ አርባ ምንጭ ላይ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቱም ተመለሰ። ማስቃላ ሊገባ የቀሩት ቀናት ብቻ ነበሩ።

ከተማዎቻችንስ?

ትልልቅ ከተሞችም በዓልና አደባባይ አብረው እንደሚሄዱ ያውቃሉ። አዲስ አበባ በመስከረም 24 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢሬቻን፣ አዘጋጆቹ እንዳሉት ከ150 ዓመት በኋላ፣ አከበረች። ከአምስት ቀን በኋላ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ አንድነት ፓርክ ተመረቀ። የታደሰው መስቀል አደባባይ ደግሞ በሰኔ 2013 ተከፈተ።

ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው፦ ፓርክ በር አለው፣ ትኬት ይቆረጥለታል። ዱቡሻ በርም ትኬትም የለውም። ምርቃትም አያስፈልገውም፣ ሰው በተሰበሰበ ቁጥር ይከፈታል።

ችግሩ፣ ከተማ ሲሰፋ ክፍት ሜዳ ሁሉ ባዶ መሬት ይመስላል። ካርታ የሚያነሳ ባለሙያ ድንጋይና ዛፍ ብቻ ሊታየው ይችላል። ዱቡሻው ከታጠረ ግን በዓሉ ወደ መድረክ ትርኢት ይወርዳል፣ ዕርቁም ቦታ ያጣል። ስለዚህ የዞኑም የወረዳውም የመሬት ዕቅድ ዱቡሻዎችን በስማቸውና በወሰናቸው ይመዝግብ። ፓርክ ለመሥራት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ያለውን ዱቡሻ ማቆየት ግን አለመንካት ብቻ ነው።

ለማስቃላ ወደ ጋሞ ደጋ የምትወጡ ቤተሰቦች፦ ዱቡሻ ከመግባታችሁ በፊት የአካባቢውን ሽማግሌ ጠይቁ። ድንጋዩ ላይ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፣ ባለቤት አለው።

ዮ! ዮ! ማስቃላ!