የወታደር መኪና ሲታደስ

በካርቱም የሰነበቱት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ተሻገሩ፤ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። ፋሺስቱ ጦር ትቷቸው ከሄደው ንብረት አንዱ ፊያት 634 የተባለው የናፍጣ መኪና ነበር። ሕዝባችን የቁጥሩን መጨረሻ በጣሊያንኛ ወስዶ «ትሬንታ ኳትሮ» አለው። ወታደርና ጥይት መጫኑ ቀርቶ የነጋዴ ጭነት ያመላልስ ጀመር።

ለዚህ ግን መታደስ ነበረበት። ባለሙያው የበሰበሰውን ላሜራ ቆርጦ አዲስ ይበይዳል፤ የጎደጎደውን በመዶሻ ያቃናል፤ ዝገቱን ፍቆ ጸረ ዝገት ይቀባል፤ በስቱኮ ሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል። ቀለም የሚመጣው በመጨረሻ ነው።

ላሜራ፣ ባትላሜራ፣ ስቱኮ፣ ጋቢና፣ ሁሉም የጣሊያን ቃላት ናቸው። ወራሪው ሄደ፤ ቃሉና ሙያው በአገሬው ሠራተኛ እጅ ቀረ። ሱዳንም የራሷ ታሪክ አላት፤ የእንግሊዙ ቤድፎርድ አገሯን ሲያቋርጥ ኖሯል። በካርቱም ጋራዦች የሠሩ ወንድሞቻችን ባትላሜራውን «ሰምከሪ»፣ ቀለሙን «ቡህያ» ማለት ለምደዋል። ስደተኛውም በሙያው ላይ አንድ ቃል ጨመረ ማለት ነው።

ማንም ባለሙያ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ዝገቱ ሳይፋቅ የተቀባ መኪና ብዙ ሳይቆይ ቀለሙ ያብጣል፣ ይላጣል። አገርም እንዲሁ ነው። በላይዋ ቀለም ሲለዋወጥ አይተናል። ስንመለስ መጀመሪያ የምንጠይቀው ስለ ቀለሙ ሳይሆን ከሥሩ ስላለው ብረት ይሁን።