«ቀለም»፦ ከሸምበቆ የተነሣ ቃል

«ቀለም» የሚለው ቃል ሥሩ ሸምበቆ ነው። የጥንት ግሪኮች ሸምበቆን «ካላሞስ» ይሉት ነበር፤ ጫፉን ቀርጸው ስለሚጽፉበት ስሙ ለመጻፊያውም ሆነ። ቃሉ ወደ ዐረብኛ ገብቶ «ቀለም» ሲባል ብዕር ማለት ነው። ከዐረብኛም በቱርክኛ «ካሌም»፣ በስዋሂሊ «ካላሙ»፣ በሶማልኛ «ቀሊን» ሆኖ ያው ብዕርን ይጠራል።

በግእዝና በአማርኛ ግን ስሙ ከመሣሪያው ወደ ፈሳሹ ተሻገረ፤ ኋላም መልክንና ትምህርትን ጨመረ። ቀለሙ በቀንድ ይያዝ ስለነበር ሊቅ ሰው «የቀለም ቀንድ» ይባላል። መጻፊያው የተጠራበት «ብዕር» ደግሞ በግእዝ «ብርዕ» ነው፤ ትርጉሙም መቃ ወይም ሸምበቆ ነው። ስለዚህ ብዕርም ቀለምም በስማቸው የአንድ ተክል ልጆች ናቸው።