በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ሳምንታት የሚወሰዱ ዕፆችና መድኃኒቶች በጽንሱ ላይ የሚያስከትሉት ጉዳት

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጉዳይ በቤተ ክርስቲያን ብዙ ጊዜ የማይነሣ፣ ነገር ግን ለጋብቻ ለሚዘጋጁ ወጣቶችም ሆነ ልጅ ለሚጠብቁ ቤተሰቦች እጅግ አስፈላጊ ነው። «ዕፅ» ሲባል ብዙዎቻችን ሐሺሽንና ሄሮይንን ብቻ እናስባለን፤ «ይህ እኛን አይመለከትም» ብለንም እናልፈዋለን። ይሁን እንጂ በጅማ ከጊንጆ ጉዱሩ ጀምሮ በዙሪያዋ እስካሉት የቡና ከተሞች፣ እስከ አጋሮና ሊሙ ገነት ድረስ፣ ጽንስን ሊጎዱ የሚችሉ ነገሮች በየጓሮው የሚበቅሉና በየሱቁ የሚሸጡ ናቸው። ጫት፣ አረቄ፣ ሲጋራ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛ መድኃኒት ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ጉዳቱ የሚጀምረው መቼ ነው?

የሕፃኑ ዋና ዋና የአካል ክፍሎች የሚሠሩት ከተጸነሰ በኋላ ከ3ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ልብ በ22ኛው ቀን አካባቢ መምታት ይጀምራል። አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው የነርቭ ዘንግ እስከ 28ኛው ቀን ድረስ ተዘግቶ ያልቃል። እጅና እግር፣ ዓይንና ጆሮም በእነዚሁ ሳምንታት ቅርጽ ይይዛሉ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። የነርቭ ዘንጉ በሚዘጋበት ቀን የእናትየው የወር አበባ ከቀረ ገና ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ብዙ ሴቶች በዚያን ጊዜ እርጉዝ መሆናቸውን አያውቁም፤ መዘግየቱን በድካም ወይም በሐሳብ ያመካኙታል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ የእርግዝና ክትትል የጀመሩት ከ100 እናቶች 20ዎቹ ብቻ ነበሩ። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ወር ወደ ጤና ጣቢያ ስንሄድ እነዚያ ሳምንታት አልፈዋል። ስለዚህ ጥንቃቄው መጀመር ያለበት ከእርግዝናው በፊት ነው።

ከታሪክ የምንማረው

እ.ኤ.አ. በ1957 በምዕራብ ጀርመን ታሊዶማይድ የተባለ የማስታገሻ መድኃኒት ለሽያጭ ቀረበ። ምንም ጉዳት የለውም ተብሎ ስለተነገረለት ነፍሰ ጡር ሴቶች ለማቅለሽለሽ ይወስዱት ነበር። በኅዳር 1961 ከገበያ እስኪወጣ ድረስ በብዙ አገሮች ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው አጥሮ ወይም ሳይበቅል፣ ጆሯቸውና የውስጥ አካላቸው ተጎድቶ ተወለዱ። መድኃኒቱ ይህን ጉዳት ያደረሰው በዋነኛነት ከተጸነሰ ከ20ኛው እስከ 36ኛው ቀን ገደማ በተወሰደ ጊዜ ነበር። እናትየዋን ያልጎዳ ነገር ጽንሱን ሊጎዳ እንደሚችል ዓለም የተማረው በዚህ መራራ መንገድ ነው።

በአካባቢያችን የሚገኙት

1. ጫት። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ነው። የደም ሥርን ያጠብባል፣ የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋል። በነፍሰ ጡር እንስሳት ላይ በተደረገ ምርምር ጫት ወደ እንግዴ ልጅ የሚሄደውን ደም እንደሚቀንስ ታይቷል። ጫት ከሚቅሙ እናቶች የሚወለዱ ሕፃናት ክብደታቸው ዝቅተኛ መሆኑን ያመለከቱ ጥናቶችም አሉ። በርጫው ሲያበቃ ጨብሲ ከተጨመረበት ደግሞ ጉዳቱ ድርብ ነው። «ጫት የወንዶች ነገር ነው» የሚለውም ትክክል አይደለም፤ በ2016ቱ ጥናት ከ100 ሴቶች 12ቱ ጫት ቅመው እንደሚያውቁ ተናግረዋል።

2. አልኮል። ጠላም ሆነ ጠጅ፣ ቢራም ሆነ አረቄ፣ በውስጡ ያለው አልኮል አንድ ነው፤ በእትብቱ በኩል ወደ ሕፃኑ ያልፋል። ሕፃኑ ጉበቱ ገና ስለሆነ አልኮሉን ከሰውነቱ ማስወገድ አይችልም። በዚህ የተጎዱ ልጆች ጭንቅላታቸው ያንሳል፣ የላይኛው ከንፈራቸው ይሳሳል፣ ሲያድጉም ትምህርት መቀበልና ጠባያቸውን መግዛት ይከብዳቸዋል። በእርግዝና ጊዜ ጉዳት እንደሌለው የተረጋገጠ የአልኮል መጠን የለም።

3. ሲጋራና ሺሻ። ኒኮቲን የደም ሥርን ሲያጠብብ በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ የሕፃኑን ኦክስጅን ይሻማል። ማስወረድን፣ ያለ ጊዜ መውለድንና የክብደት ማነስን ያመጣል፤ የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅንም ይጨምራል። ባል በቤት ውስጥ ሲያጨስ ሚስትና ጽንሱ አብረው ያጨሳሉ።

4. መድኃኒቶች። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮዌት ከወሰዱ እናቶች ከሚወለዱ 100 ሕፃናት 10 ያህሉ ከባድ የአካል ጉድለት ይኖራቸዋል፤ በሌሎች እናቶች ዘንድ ይህ ቁጥር ከ2 እስከ 3 ነው። ለብጉር የሚዋጠው አይሶትሬቲኖይንና ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪንም አደገኞች ናቸው። ከባህል መድኃኒቶች ኮሶና እንዶድ ጽንስ ሊያስወርዱ ስለሚችሉ ነፍሰ ጡር ልትወስዳቸው አይገባም።

5. ቡና። የቡና አገር ሰዎች ስለሆንን ይህን ሳናነሣ አናልፍም። ቡና ፈጽሞ የተከለከለ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በቀን ከ300 ሚሊግራም በላይ ካፌይን የሚወስዱ ነፍሰ ጡሮች እንዲቀንሱ ይመክራል። ነፍሰ ጡር እኅታችን አቦሉን ጠጥታ ቶናውንና በረካውን ብትተው መልካም ነው። የብረት ማዕድን እንክብልንም ከቡና ጋር አትውሰድ፤ ቡና ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል።

በራስ ፈቃድ ማቋረጥም አደጋ ነው

ይህን ያነበበች እኅት ፈርታ የታዘዘላትን መድኃኒት እንዳትጥል አደራ እንላለን። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ቢቋረጥ በሽታው ተነሥቶ እናትንም ልጅንም ሊገድል ይችላል። የሚሻለው ከእርግዝና በፊት ሐኪም ዘንድ ሄዶ መድኃኒቱን ማስለወጥ ወይም መጠኑን ማስተካከል ነው። ወባም ሳይታከም መቅረቱ ከመድኃኒቱ የባሰ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ ኮአርተም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትም እንዲሰጥ መክሯል። ዶሉቴግራቪር የተባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ2018 ከቦትስዋና በመጣ መረጃ የተነሣ አስፈርቶ ነበር። ነገር ግን ተጨማሪ መረጃ ሲሰበሰብ ሥጋቱ እየቀነሰ ሄደ፤ በ2019 ለነፍሰ ጡሮችም ጭምር ተመራጭ እንዲሆን ተወሰነ። መድኃኒቱን ያቋረጠች እናት ግን ቫይረሱን ለልጇ ልታስተላልፍ ትችላለች። «ጸልየናልና መድኃኒቱን ተዪ» የሚል ምክር የሁለት ሰው ሕይወት ያለበት ነው። ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም።

የቤተ ክርስቲያንና የቤተሰብ ድርሻ

በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 13 የማኑሄ ሚስት ከወይን ጠጅና ከሚያሰክር መጠጥ እንድትጠነቀቅ የተነገራት ገና ሳትጸንስ ነው። በእርግጥ የትእዛዙ ምክንያት የናዝራዊነት ስእለት እንጂ ሕክምና አልነበረም። ይሁንና ጥንቃቄው ከመጽነስ በፊት እንደ ጀመረ፣ ባሏ ማኑሄም «ይህ የሴት ጉዳይ ነው» ሳይል ስለ ልጁ ራሱ እንደ ጠየቀ እናስተውላለን።

ስለዚህ በቅድመ ጋብቻ ትምህርታችን ከምንነጋገርባቸው ነገሮች መካከል ይህ አንዱ ይሁን። ለመውለድ የሚያስቡ ጥንዶች ጫት፣ መጠጥና ሲጋራ ካለ ሁለቱም አብረው ይተዉ። ሴቲቱ ከእርግዝናው ቢያንስ አንድ ወር አስቀድማ እስከ 12ኛው ሳምንት በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ትውሰድ፤ ይህ የነርቭ ዘንግ ክፍተትን በእጅጉ ይከላከላል። የወር አበባ እንደ ቀረ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ማነጋገር ወይም ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር ተገቢ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ነውር ሰውን እንዳይዘጋ እንጠንቀቅ። በስውር የምትቅም ወይም የምትጠጣ እኅት በጉባኤ ፊት እንዳትዋረድ ስትፈራ ለሐኪሙም ትደብቃለች፤ የሚጎዳው ሕፃኑ ነው። ዘግይታ ብታቆም እንኳ ይጠቅማታል፤ የሕፃኑ አንጎል እስከሚወለድበት ቀን ድረስ ማደጉን አያቋርጥምና። ጉድለት ያለበት ልጅ የወለደችውንም እናት «ምን አድርገሽ ነው?» ብለን አንጠይቃት። ከወሊድ ጋር የሚመጡ ጉድለቶች ግማሽ ያህሉ ምክንያታቸው አይታወቅም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው «ማን ኃጢአት ሠራ?» በሚል መንፈስ ሲጠይቁ ጌታ ጥፋቱን በሰውየውም በወላጆቹም ላይ አላደረገም።

ሽማግሌዎች፣ የሴቶች አገልግሎት መሪዎችና የወጣት አስተማሪዎች በጉባኤያችሁ ያሉትን የጤና ባለሙያዎች ጋብዛችሁ ይህን ትምህርት ብታስተምሩ ገና ያልተጸነሱ ልጆችን ትታደጋላችሁ። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።